አምፖል

ሱቄ ከደረጃው ስር ናት፣
የብረት ፍርግርግ ያላት፤
በፍርግርጉ ቀዳዳ ዳቦ አሳልፋለሁ፣
ሻማና ሳሙና፣ አምፖል እሸጣለሁ።
ኬፕታውንን በፖስትካርድ ያያት ሰው አያውቀን፤
ተራራው ለሌላ፣ ለኛ አሸዋው ደረሰን።

ሁለት ዓይነት እጅ አለ አምፖል የሚገዛ።
አንዱ ቤት ያበራል፤
ሌላው የብረት ቆቡን ነቅሎ፣ ሽቦውን አውጥቶ፣
ቲክ ይጨምርበታል፣
ከስሩ እሳት ለኩሶ ጭሱን ይስበዋል።
ቲክ። ስሙ እንደ ሰዓት ነው።
ቲክ፣ ቲክ፣
ልጅ እያሳነሰ ይቆጥራል።

የትኛው እጅ እንደመጣ ሳየው አውቅ ነበር፤
ጣቱ የተለበለበ፣
ጥፍሩ የጠቆረ፣ ዓይኑ ያልረጠበ።
አውቅ ነበር። ሸጥኩለት።
«እኔ ባልሸጥ» አልኩኝ፣ «ማዶ ያለው ይሸጣል፤
አምፖል ደግሞ አምፖል ነው፣ ሕግ መች ይከለክላል?»

ፋልዲላ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ፣
ሌሊት ነው የምትገባ፣ ሰፈሩ ሳይተኛ።
ደረጃው ድቅድቅ ነው።
አምና እዚያ፣ አራተኛው እርከን ላይ፣
የዕዳ ጥይት ስቶ የመታት ልጅ አለች፤
ታሽሪካ፣ ስምንት ዓመቷ፣
ጫማዋን እያሰረች።
የማን ጥይት እንደሆነ ሰፈሩ ያውቅ ነበር፤
ፖሊስ ሲጠይቀን ግን
ሁላችን ተኝተን ነበር።

ፋልዲላ አምፖል ገዛች። ሰቀለች። ጠፋ።
ገዛች። ሰቀለች። ጠፋ።
በሽቦ ቀፈፍ አሰረችው። ከነሽቦው ጠፋ።
አሥራ ሰባት አምፖል፤ ደብተሬ ላይ አለ፣
በዱቤ ተወስዶ በደመወዟ የተከፈለ።

«ማን እንደሚነቅለው ታውቃለህ» አለችኝ።
አልጠየቀችኝም፤ ነገረችኝ እንጂ።
ኢክሻን ነው። ልጇ።
የስፌት መኪናዋን በጀርባው አዝሎ የሸጠ፣
የመታጠቢያ ቤቷን ቧንቧ የቆረጠ፣
የአባቱን ካፖርት፣ የእህቱን ዩኒፎርም፣
አንዴም የጓዳውን በር፣ ከነመዝጊያው፤ አላጋነንኩም።

በሰኔ፣ ዝናቡ በአግድም ሲመታ፣
ከአምፖሉ ስር ወንበር ዘረጋች አንድ ማታ።
ባልዲና ቢላዋ፣ አንድ ከረጢት ድንች።
በማግስቱ ሜርል ወረደች፣ ብርድ ልብሷን ተከናንባ፤
በሦስተኛው ቀን ናዚማ፣ የታሽሪካ እናት፣
ከቀብሩ ወዲህ ደጅ ያልታየች፣ መጣች ዳር ዳሩን ይዛ።
በሳምንቱ አሥራ አንድ ሆኑ፣ አሥራ አንድ ወንበር፣
ከምድር እስከ አራተኛ የሴት አጥር።

ሻጮቹ መጡ፤ አንገታቸው ላይ ቁጥር የተነቀሰ።
«እማማ፣ ግቢ ቤትሽ» አለ አንዱ፣ ድምፁ የለሰለሰ።
«ቤቴ ነው» አለችው፣ ቢላዋዋ ሳይቆም።
ሽጉጡ ሆዱ ላይ ነበር፤
በላይዋ መራመድ ነበረበት፤ አልተራመደም።
እኔ?
እኔ ፍርግርጌን ቆለፍኩ።

በአሥረኛው ሌሊት ኢክሻን መጣ።
አምፖሉን አየ እንጂ እናቱን አላየም፤
እጁን ሰደደ።
«ያቃጥላል» አለችው። «እስኪበርድ ተቀመጥ።»
ወንበር ሳበችለት።
ስንት ወር ሆናት፣ ፊቱን በብርሃን ካየችው፤
ጥርሱ እንደረገፈ፣ ጉንጩ እንደጎደጎደ።
ሁለት ድንች ላጠ፣ ምናልባት ሦስት፣
እጁ እየተንቀጠቀጠ፣
ልጣጩ ከድንቹ እየበለጠ።
ከዚያ ተነሥቶ ሄደ።

ሐሙስ፣ እሷ ሥራ ገብታ፣ ሜርል ስታንጎላጅ፣
አምፖሉ ጠፋ።
አርብ ጠዋት ፋልዲላ ከሱቄ ደጅ።
«አሥራ ስምንተኛውን» አለች።
ኢክሻን ክሊኒክ ተመዝግቧል፤ ወረፋው ስድስት ሳምንት።
«ስድስት ሳምንት» አለች፣ «ስንት አምፖል ይሆናል?»

ገንዘብ አልተቀበልኳትም።
ለነዚያ ጣቶች ከዚያ ወዲህ «የለም» እላለሁ።
ማዶ ያለው ይሸጣል። ይሽጥ።
ማታ ማታ ወንበሬን ይዤ እወጣለሁ፣ አሥራ ሁለተኛ፤
ድንች መላጥ አልችልም፤ ባልዲውን እደፋለሁ።

የስፌት መኪናዋ ጓዳዬ ውስጥ ናት፣
በጆንያ ሸፍኛታለሁ።
በርካሽ ነው የገዛኋት።
እስካሁን አልነገርኳትም።